ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ጥቅምት 6

አልሸጥኩትም። ለቆራሌ አልሰጠሁትም፣ በኪሎ አላስመዘንኩትም፣ ሽቦውን መዝዤ መዳብ አላወጣሁበትም። እማዬ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ ስትዞር ያልካትን ከፊቷ ነው ያነበብኩት። «አጥፊዋ ለቆራሌ ሰጥታው ይሆናል» ብለሃታል፣ አይደል? እሷ እንኳ በአፏ አልደገመችውም። እጄን አየችው፣ ገንዘብ ጨብጬ የቆምኩ ይመስል።

ስለዚህ ሰላምታው ይቆየን አጎቴ። ደህና መሆንህን ድምፅህ ይናገራል፤ በዚያች ቀጭን ሽቦ ውስጥ ሆነህ ሳሎናችንን ሞልተኸው ነበር። እኛም ደህና ነን፣ ከጣሪያው በቀር።

ነገሩን ያመጣው ጣሪያው ነው። ዛሬም «የወንድሜ ክፍል» የሚባለው፣ እማዬ ግን የምትተኛበት ክፍል፣ ማፍሰስ ጀመረ። ጠብታው የሚወርደው ልክ ኮምፒውተርህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒውተሩን ወደ ሳሎን ያወጣዋል። እህትህ ምን እንዳደረገች ታውቃለህ? አልጋዋን ወደ ፍሳሹ ገፋችና ኮምፒውተሩን ደረቁ ጥግ አስቀመጠችው። ሦስት ቀን እግሯ ስር ባልዲ አድርጋ ተኛች። በአራተኛው እያስነጠሰች ወደ ስፌት ቤት ስትሄድ፣ እኔ የጎረቤት ጋሪ ለምኜ፣ ዳንቴሉን ገፍፌ፣ ሳጥኑንም ስክሪኑንም ኪቦርዱንም ጭኜ ወደምሠራበት ሱቅ ወሰድኩት። ሌብነት ይሄ ከሆነ ሌባ ነኝ።

ሱቁን አታውቀውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የተከፈተ ነው። ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ካውያ፣ የሞተ ስልክ፣ ያገኘነውን እንጠግናለን። ባለቤቱን ጋሽ ፊውዝ ነው የምንለው፣ ቶሎ ስለሚቃጠል። ኮምፒውተርህን ሲያይ «በሩን የሚይዝልን ድንጋይ ስንፈልግ ነበር፣ ተገኘ» አለ። እኔ ደግሞ ይነሳል ባይ ነኝ። ሰፈሩ ሁሉ ሞተ ያለውን ነገር ማስነሳት እወዳለሁ፤ ጠባዬ ነው።

ምናልባት ረስተኸው ከሆነ ታሪኩን ላስታውስህ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ በርህን ዘግተህ «ጥናት» ትጽፋለህ። እኛ በእግራችን ጣት ነው የምንሄደው። እማዬ የስፌት መኪናዋን የምትነዳው አንተ ስትወጣ ብቻ ነው። አንድ ቀን በሩ ገርበብ ብሎ አገኘሁትና ገብቼ አንድ ቁልፍ ነካሁ። አንድ። ከኋላው ጭስ ወጣ። አንተ ሮጠህ መጣህ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለህ ራስህን ይዘህ «ሦስት ዓመቴን አቃጠለችው» አልክ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሜ አጥፊዋ ነው። ካውያ ቢበላሽ አጥፊዋ ነክታው ነው። አምፖል ቢቃጠል አጥፊዋ በስሩ አልፋ ነው። የጎረቤት ድመት ብታነክስ የሚያዩት እኔን ነው። አንተ በሦስተኛው ወር ሻንጣህን ይዘህ ውጭ ሄድክ፣ እኔ ስሜን ይዤ ቀረሁ። ስምንት ዓመት።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይነሳ ወይስ ይጣል? ዕቃው ያንተ ነውና ያልከውን አደርጋለሁ። በስልክ አትንገረኝ፤ ስልካችን ሳሎን ነው፣ እማዬ ጆሮዋን ሳትጥል ማንም አያወራበትም። ከሱቅ ስደውልልህ ደግሞ አታነሳም። በሱቁ አድራሻ ጻፍልኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል።

የእህትህ ልጅ


ኅዳር 2

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ጤናው ይብዛልሽ፣ ደጃችሁን ክፉ አይርገጠው፣ እጅሽ የነካው ሁሉ ይለምልም። እኔ እናንተን ከማሰብ በቀር ምንም አልሆንኩም። የሥራው ብዛት ግን ቀና ብዬ ሰማይ እንዳይ እንኳ አላስቻለኝም፤ መልሴ የዘገየውም ለዚሁ ነው።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ተናድጄ፣ አንዴ አዝኜ። ድሮ አንቱ ትይኝ ነበር። ጊዜው ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ፣ እሱ ተራ ዕቃ አይደለም። ውስጡ የሦስት ዓመት ድካሜ አለ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ። እንዲህ ያለ ነገር የካውያ ጠጋኝ ጠረጴዛ ላይ አይውልም። እኔ ስመጣ ለባለሙያ አሳየዋለሁ፤ ለእውነተኛ ባለሙያ ማለቴ ነው፣ ለተማረ። እስከዚያው ሳትነካኪው ወደነበረበት መልሺው። ዳንቴሉንም አልብሺው፣ እትዬ በእጇ የሠራችው ነው።

የትምህርትሽንም ነገር አስቢበት። ጭንቅላት አለሽ፣ የጎደለሽ ትዕግሥት ነው። እኔ እዚህ የደረስኩት በትዕግሥት ነው።

ስለ ጣሪያው እትዬ ምንም አልነገረችኝም። አናጢ ይየው።

በነገራችን ላይ፣ ክዳኑን ከፍተሽዋል ወይስ ገና ነሽ? እሱን ብቻ ቶሎ አሳውቂኝ።

ከማይነጥፍ ምርቃት ጋር፣
አጎትሽ


ኅዳር 24

ምርቃትህ ደርሶኛል አጎቴ፣ ከነጀርባው። ወረቀቱን ገልብጠህ አላየኸውም መሰለኝ። ከኋላው የሸሚዝ፣ የሱሪ፣ የአንሶላና የትራስ ልብስ ሥዕል ታትሞበታል፣ ከየሥዕሉ አጠገብ ቁጥር የሚሞላበት ሳጥን አለ። ቀና ብለህ ሰማይ እንዳታይ ያደረገህ የሥራ ብዛት ይሄ ከሆነ ገባኝ። ልብስ ማጠብን አልናቅኩም። እማዬ የሰው ልብስ እየሰፋች ነው ያሳደገችን፣ እኔንም አንተንም። የናቅኩት መደበቅህን ነው። እሷ እኮ ለጎረቤቱ ሁሉ «የወንድሜ ቢሮ አሥራ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው» እያለች ነው። ስትናገር ራሱ አንገቷን ወደ ላይ ቀና ታደርጋለች፣ ከታች ሆና የምታይህ ይመስል።

ጣሪያውን ደግሞ እኔ ደፍኜዋለሁ። አናጢ ይየው ላልከው፣ አናጢው አይቶ «ያፈሳል» ብሎ ሄደ። እሱን እኛም እናውቅ ነበር።

ስለ ትምህርቴ ካነሳህ አይቀር ስማ። ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ ነበረን። ኮምፒውተር አልነበረንም። መምህሩ በየሳምንቱ ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ኪቦርድ ይስልልናል፣ እኛ ደብተራችን ላይ እንገለብጣለን፣ ከዚያ ወረቀቱን በጣታችን እየጠቀጠቅን «መጻፍ» እንለማመዳለን። አንድ ቀን እጄን አወጣሁና «መምህር፣ የኔ መብራት ጠፍቶበታል» አልኩ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ወላጅ አምጪ ተባልኩ። እማዬን ከስፌቷ አስነስቼ «ልጅሽ የኮምፒውተር ክፍል አበላሸች» ሲሏት ላሰማት? ሌላ ኮምፒውተር፣ ያውም በጠመኔ የተሳለ? አላመጣኋትም። በዚያው ቀረሁ። ትዕግሥት አጥተሻል የምትለኝ ይሄን ከሆነ፣ አዎ፣ አጥቻለሁ።

ከፍተሻል ወይ ላልከኝ፣ ደብዳቤህ ሳይደርስ ነው የከፈትኩት። ክዳኑን የሚይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሦስት ነው ያገኘሁት። አራተኛው ሳጥኑ ውስጥ ይንከባለላል። ከፋብሪካ እንዲህ ሆኖ አይወጣም። ከኔ በፊት ከፍቶት ተቻኩሎ የዘጋው ሰው አለ። እማዬ ካቻቢቴና ሹካ ብትሰጣት አትለያቸውም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤቱ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን፤ ቀሪውን አንተ አስላው፣ የተማርከው አንተ ነህ።

ሌላም ነገር አገኘሁ። ማሽኑ እንዳይግል ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚነፋ ትንሽ ፋን አለው። አይዞርም። ወገቡ ላይ ነጭ ክር ተጠምጥሞበታል፣ ልክ እንደ ስፌት መኪና ጥቅል። ከዳንቴሉ ጠርዝ የተመዘዘ ክር በመተንፈሻው ገብቶ፣ ፋኑ እየሳበ እየሳበ ራሱን አንቆታል። ማሽኑ ስንት ቀን ታፍኖ እንደከረመ እንጃ። እኔ የነካሁት ያንን ረጅሙን ቁልፍ ነበር፣ በቃልና በቃል መሃል ክፍት ቦታ የሚተወውን። በክፍት ቦታ ጭስ አይወጣም አጎቴ።

የተቃጠለው ኃይል የሚሰጠው ሳጥን ብቻ ነው። ከሌላ የሞተ ኮምፒውተር ፈትቼ ቀየርኩለት፣ ፋኑንም ቀየርኩለት። ማክሰኞ ቁልፉን ስጫን ጋሽ ፊውዝ ከቴሌቪዥኖቹ ጀርባ ሆኖ «ከፈነዳ አላውቅሽም» ይለኛል። ተነሳ። ድምፁ ዳገት የሚወጣ አሮጌ አውቶቡስ ነው የሚመስለው፣ ግን ተነሳ። ሃርድ ዲስኩም ይዞራል። ሥራህ ያለው እሱ ላይ ነው፣ እሱን እሳት አልነካውም። ገና ከፍቼ አላየሁትም። አክብሬህ እንዳይመስልህ፣ መብራት ጠፍቶ ነው።

ለእማዬ ነገርኳት። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ ላይ ቁጭ አለች፣ ቦርሳዋን እንዳቀፈች። «ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ገጽ?» አለች። ቁጥሩን ስምንት ዓመት በቃሏ ይዛዋለች። ከዚያ ወጣች፣ ስትመለስ አራት ጥቅል ነጭ ክር ይዛለች። አሮጌው አድፏል፣ አዲስ ዳንቴል ይሠራለታል አለች። የክሩን ነገር ልነግራት አፌ ላይ መጣና ዋጥኩት።

ይነሳ ወይስ ይጣል ብዬህ ነበር። ተነስቷል። አሁን የምጠይቅህ ሌላ ነው፤ አራተኛውን ብሎን ማን ፈታው?

አጥፊዋ


ታኅሣሥ 3

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ፣ ዛሬውኑ ፖስታ ቤት ሳይዘጋ መልሱን ላደርሰው ነው።

አሰብኩበት። ጣይው። ባለፈው አትንኪው ያልኩሽ ስሜት ይዞኝ ነው። ሰው በአሮጌ ዕቃ መታሰር የለበትም። ጥናቱም ቢሆን ጊዜው አልፎበታል፤ ያኔ የጻፍኩት ዛሬ ለማንም አይጠቅምም። ሳጥኑን ለቆራሌ ስጪው። ሃርድ ዲስኩን ግን ለብቻው አውጪና በመዶሻ ሰባብሪው። እዚህ ያሉ ባለሙያዎች የሚመክሩት እንደዚያ ነው።

ለእትዬ «ለጊዜው ተነስቶ ነበር፣ መልሶ ሞተ» በያት። ላንቺ ደግሞ ወር ሳይሞላ በሚመጣ ሰው አዲስ ላፕቶፕ እልክልሻለሁ፣ ከነቦርሳው። የምትወጂውን ቀለም ጻፊልኝ።

ስለ ብሎኑ የማስታውሰው ነገር የለም። ፋብሪካም ይሳሳታል።

ዳንቴሉን ጀምራው ከሆነ አስቁሚያት።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 19

ቀለሙ ይቅርብኝ። ቦርሳውም።

በዚህኛው ዙር በንጹሕ ወረቀት ነው የጻፍከው፣ ሥዕል የለበትም። እድገት ነው።

እውነቱን ልንገርህ፣ መዶሻውን አንስቼ ነበር። ዕቃው የሱ ነው፣ ስበሪው ካለ ልስበረውና ልገላገል ብዬ። ጋሽ ፊውዝ እጄን ያዘኝ። «ስሚ፣ ሰው አትንኪው ሲል ከርሞ በአንዴ ስበሪው ካለ፣ ውስጡን ሳታዪ አትስበሪ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬዲዮ ሲፈታ የኖረ ሰው ነው፤ ሰው ምን ምን እንደሚደብቅ ያውቃል።

አየሁት።

«ጥናት» የሚል ፎልደር አለ። ውስጡ አርባ አንድ ፋይል። አርባ አንድ ሳይ፣ ሳልደብቅህ፣ ደንግጬ ነበር፤ ይሄ ሰው ለካ የእውነት ሠርቷል ብዬ። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። የሽፋን ገጽ ነው፤ ርዕሱና ስምህ ከነአያትህ። ሁለተኛውን ከፈትኩ። የሽፋን ገጽ ነው፤ ስምህ ተለቅ ብሏል። ሦስተኛው ላይ ስምህ ወደ መሃል መጥቷል። «የመጨረሻ»። «የመጨረሻ ሁለት»። «የመጨረሻ የተስተካከለ»። «አሁን የእውነት የመጨረሻ»። ሠላሳ ስምንት የሽፋን ገጽ ቆጠርኩ። ሦስት ዓመት በእግራችን ጣት ያስኬድከን ስምህን ለመጻፍ ነው።

ሠላሳ ዘጠነኛው ማውጫ ነው። አምስት ምዕራፍ፣ ከነንዑስ ርዕሱ፣ ከነገጽ ቁጥሩ፣ የመጨረሻው መስመር 212 ላይ ያርፋል። እንዴት ያምራል መሰለህ። አርባኛው ምዕራፍ አንድ ነው፤ ግማሽ ገጽ። «ከዚህ በመነሳት» ይልና ያቆማል። ከዚህ በመነሳት ወዴት? ኤርፖርት?

የካርታ ጨዋታው ላይ ግን ማንም አይቀድምህም። ማሽኑ ቆጥሮልሃል፤ ስድስት ሺህ አራት መቶ ጊዜ ተጫውተሃል። እማዬ ከበሩ ውጭ ቆማ የማውዙን ቀጭ ቀጭ ስትሰማ «እየጻፈ ነው፣ ዝም በይ» ትለኝ ነበር። በጣቷ አፌን ይዛ። አንተ ከውስጥ ቀይ ካርታ በጥቁር ላይ እየደረደርክ።

ፋይል ደግሞ ቀን ይይዛል፣ ይሄን አላወቅክም። አንዳቸውም ቢሆኑ ጭሱ ከወጣበት ቀን በፊት ባሉት አምስት ወራት አልተነኩም። ያን ቀን የተቃጠለ ጽሑፍ የለም። የተቃጠለው የኔ ስም ነው።

አርባ አንደኛው ምስጋና ነው። እሱ ብቻ ሁለት ገጽ ሞልቷል። «ለእህቴ፣ በመርፌዋ ቀዳዳ አሹልካ ወደ ዓለም ላወጣችኝ» ይላል። እሱ ጋ ስደርስ ያዘጋጀሁት ስድብ ጠፋኝ። ደህና አድርገህ ትጽፍ ነበር እኮ። መጻፍ የማይችል ሰው ብትሆን እንዲህ አልንቅህም ነበር።

አሁን ያለሁበትን እይልኝ። እማዬ በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ ሱቅ ጎራ ትላለች። «ታተመ?» ትለኛለች። የሱቁ ማተሚያ ቀለም አልቋል እላለሁ። አንድ ቀን ልቧ እንዲያርፍ ብዬ ማውጫውን ስክሪን ላይ አሳየኋት። ስክሪኑን በመሐረቧ ጠረገችና 212 የሚለውን በጣቷ ነካችው። ትናንት መጽሐፍ ጠራዥ ጋ ሄዳ የሽፋን ቆዳ አይታ መጣች። «ለተማረ ሰው ጥቁር ይሻላል ቡናማ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔን። ስለዚያ ኮምፒውተር ስምንት ዓመት አንድ ነገር ጠይቃኝ አታውቅም፤ በአጠገቡ ሳልፍ ራሱ ክርኔን ትይዘኝ ነበር።

ቡናማ አልኳት። ምን ልበላት? አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበላት? ዳንቴሉ ግማሽ ደርሷል።

አጥፊዋ


የካቲት 2

የእህቴ ልጅ፣

በየቀኑ ጀምሬ እየቀደድኩ አንድ ወር አለፈኝ። ምርቃቱን ተዪው፣ በየት በኩል ልመርቅሽ።

የምሠራው ሆቴል ምድር ቤት ነው። መስኮት የለውም። አንሶላ እተኩሳለሁ። አንሶላው በየፎቁ ነው የሚመጣው፣ የኔ ድርሻ የአሥራ ሁለተኛው ፎቅ ነው። ለእትዬ አሥራ ሁለተኛ ያልኳት ከዚያ አምጥቼ ነው። ሙሉ በሙሉ አልዋሸሁም እያልኩ ራሴን ሳጽናና ኖሬያለሁ።

ስቀመጥ ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት፣ ይሄን እመኚኝ። በመጀመሪያው ቀን እትዬ «ስንት ገጽ ደረስክ?» አለችኝ። «አምስት» አልኩ፤ በማግስቱ አምስት ልጽፍ አስቤ ነበር። በማግስቱ ደግሞ ጠየቀችኝ። አምስት ብላት ቆመ ማለት ነው፤ «ስምንት» አልኩ። ከዚያ ቁጥሩ እኔን ጥሎኝ ሄደ። በሩን ዘግቼ ስቀመጥ፣ ማታ የምላትን ቁጥር ከማሰብ ሌላ ሥራ አልነበረኝም። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ላይ «ሊያልቅ ነው» አልኩ። በዚያው ሳምንት ጭሱ ወጣ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ራሴን የያዝኩት እፎይታዬን ሰው እንዳያይብኝ ነው። ለቅሶው የመጣው ኋላ ነው።

ብሎኑን የፈታሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ፣ እናንተ ሳትኖሩ። ክሩን አየሁት። እትዬ ዳንቴሉን ስታለብሰው «ስትሠራም አታንሳው፣ አቧራ ይገባበታል» ብላኝ ነበር፣ እኔም እሷን ላለማስከፋት አላነሳሁትም። የገደለው የሷ ክር መሆኑን ብትሰማ ምን ይውጣት ነበር? የወንድሜን ሦስት ዓመት በእጄ አነቅኩት ብላ እድሜ ልኳን አትተኛም ነበር። አንቺ ግን ልጅ ነበርሽ። የልጅ ጥፋት ይረሳል ብዬ ነው። ሁለት ሳምንት ቢበዛ ብዬ።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ጣይው። መልሶ ሞተ በያት። እንደነበርን እንኑር። እትዬ በዚህ ዓለም ያላት ያ መጽሐፍ ብቻ ነው።

አጎትሽ


የካቲት 17

አይሆንም።

«ያላት ያ መጽሐፍ ብቻ ነው» ትለኛለህ? እኔስ ምኗ ነኝ፣ ባልዲዋ?

«መልሶ ሞተ» ብላት የመጀመሪያው ጥያቄ ማን ገደለው ነው። መልሱን ሰፈሩ ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። አንዲትን ሰው በአንድ ውሸት ሁለት ጊዜ ልታጠምድ ነው የፈለግከው፣ ያውም ሁለተኛውን በራሷ አፍ ተናግራ። ሁለት ሳምንት ቢበዛ ብለህ ነበር፣ ነው? ባለፈው ሰኞ የጎረቤታችን ካውያ ቆመባት። እማዬ «ልጄ ትሠራልሻለች» አለቻት። ሴትዮዋ «አጥፊዋ?» ብላ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። «የወንድሜን መጽሐፍ ከሞት ያስነሳችው እሷ ናት» አለቻት። ስምንት ዓመት የጠበቅኳት ዓረፍተ ነገር መጣችና በሌለ መጽሐፍ ላይ ቁጭ አለች። ደስ ልበል ወይስ ግድግዳውን በቡጢ ልምታው? ግድግዳውን መታሁት።

አንድ ነገር ልስጥህ፣ እሱንም ጨክኜ ነው። ክሩን ከእማዬ መደበቅህ ልክ ነው። እኔም ደብቄዋለሁ። ነቅዬ ክብሪት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ጋሽ ፊውዝ መሳቢያ ውስጥ አኑሬዋለሁ፤ እዚያ የገባ ነገር አይወጣም። ግን እሷን ለማዳን እኔን መጫን ምን አመጣው? «መብራቱ ነው ያቃጠለው» ማለት ይቻል ነበር። መብራት የማንም ዘመድ አይደለም። ይሄን የምልህ እኔ ከትምህርት ቤት የተባረርኩት ነኝ፤ ላንተ፣ አምስት ምዕራፍ ያለው ማውጫ ለጻፍከው፣ አልመጣልህም።

ክሩን መደበቅ ግን ቀላል እንዳይመስልህ። ያለፈውን ደብዳቤ በላክኩልህ ሳምንት ሳጥኑን ልትለካ ሱቅ መጣች። «እማዬ፣ ከኋላ በኩል ክፍት ተዪለት፣ መተንፈሻው እዚያ ነው» አልኳት።

«አቧራ ይገባበታል» አለች።

«አቧራውን እኔ አጸዳለታለሁ። ካልተነፈሰ ይታፈናል።»

መለኪያ ክሯን እንደያዘች ቆመች። «ድሮም ይታፈን ነበር?» አለችኝ።

«የድሮው ፋን ሌላ ነው። ይሄ አዲስ ስለሆነ ነው።»

ፊቴን ብዙ አየችው። ከዚያ ቤት ገብታ አንድ ወር የሠራችውን ፈታችው። ረድፍ በረድፍ፣ እየጠቀለለች። ከኋላው መስኮት ያለው አድርጋ እንደገና ጀመረች። ምን ያህሉን እንደገባት አላውቅም። አንተም አታውቅም። ስለዚህ እያወራህ እግረ መንገድህን ክሩን ታነሳና ተበልተሃል።

ኮምፒውተሩን አልጥለውም። ወርሼዋለሁ። አንተ ጣይው ብለሃል፣ የተጣለ ያነሳው ነው። ጋሽ ፊውዝ የደንበኞቹን ስም ዝርዝር እንድጽፍበት ፈቅዶልኛል፤ «ድንጋዩ መናገር ጀመረ» ይላል። በጠመኔ ያልተሳለ ኪቦርድ እንዴት ደስ እንደሚል አልነግርህም። ይሄን ደብዳቤም የጻፍኩት በሱ ነው፣ ፊደሉ የታተመ መሆኑን አይተህ ይሆናል። ቀለም አልቋል ያልኩት ለእማዬ ነው እንጂ አላለቀም። ልብ በል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ሙሉ ገጽ ሲወጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

ካውያ ጠጋኝ ብለኸኝ ነበር። ካውያህ ሲበላሽብህ ላክልኝ፣ ለዘመድ እሠራለሁ።

አሁን የምታደርገውን ስማ። ለእማዬ ትደውላለህ። መጽሐፍ አልነበረም ትላታለህ። ገና ስትጀምር ታቋርጥሃለች፣ «ደክሞህ ነው» ትልሃለች፣ አንተ ግን ዘንድሮ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጨርሳለህ፤ ከዚህ በመነሳት ብለህ አታቆምም። ያቃጠለው መብራቱ ነው፣ ልጅቷ አይደለችም ትላታለህ። ይቺን ሁለት ጊዜ በላት። የፎቁን ነገር እንዳሻህ፤ ምድር ቤት መሥራት አያሳፍርም፣ ከተጠየቅኩ ግን አልዋሽልህም። ምስጋናህን አትሜ ይዤዋለሁ፣ ሁለቱንም ገጽ። አንተ ተናግረህ ስትጨርስ እሰጣታለሁ። እሱን ጽፈኸዋል። ብቸኛው የጻፍከው ነገር ስለሆነ ይድረሳት።

ካልደወልክ ደግሞ ሠላሳ ስምንቱን የሽፋን ገጽ አትሜ፣ በቡናማ ቆዳ አስጠርዤ እሰጣታለሁ። ስምህ ገጽ በገጽ እያደገ ሲሄድ ራሷ ታየዋለች።

ዳንቴሉ የቀረው አንድ ጠርዝ ነው። እማዬ ከሥራ ትገባና እጇን ታጥባ መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች፣ ብርሃኑ እስኪያልቅ ትሠራለች። ያንን ጠርዝ ለመጽሐፍህ ብላ እንድትጨርሰው አልፈልግም። ከፈለገች ለኔ ኮምፒውተር ትጨርሰው።

ስለዚህ ይሄ ወረቀት እጅህ በገባበት ቀን ደውል። ነገ አይደለም፣ ከሥራ መልስ አይደለም፣ ካውያውን አስቀምጠህ። እኔ ሳሎን እሆናለሁ። ስልኩን አላነሳውም፣ ጆሮዬንም አልጥልም፤ ያልካትን ከፊቷ አነበዋለሁ። የምነግርህ ደግሞ የኛን ጀምበር ነው፣ ያንተን አይደለም። ሳትጠልቅ ደውል።